«ጋሼ፣ ራስ ደስታ ሆስፒታል ነው እንዴ?»

ባለፎቶኮፒው — ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ነው የምሠራው። የተማሪ አሳይመንት በቀን ስንት እንደማትም አትጠይቁኝ። ርዕሱን ሳላይ፣ በገጹ ብዛት ብቻ የስንተኛ ክፍል እንደሆነ መገመት ጀምሬያለሁ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ መጣች። ርዕሷ «በወረራና በነፃነት ትግል ዘመን ተጽዕኖ የፈጠሩ አምስት ሰዎች» ይላል። አራቱን ይዛለች፦ ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ አሉላ፣ ኃይለ ሥላሴ። አምስተኛው ከአካባቢያችን ጋር የተያያዘ ይሁን ተብላለች። አባቷ «ራስ ደስታን አድርጊ» ብለዋታል። ፎቶ እንፈልግ ብለን ስልኳ ላይ ስትጽፍ ሕንጻ መጣ። ቀጥሎም ሌላ ሕንጻ። ቀጥሎ የካርድ ክፍል ወረፋ። ቀና ብላ «ጋሼ፣ ራስ ደስታ ሆስፒታል ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። እኔም ብሆን «የንጉሡ አማች፣ የሲዳሞ ገዢ፣ ጣሊያን የገደለው» ካልኩ በኋላ አለቀብኝ። ይርጋለም እኮ እዚሁ አጠገባችን ናት። ለቅሶም ለሠርግም እየሄድን የምንመለስባት ከተማ ናት።

ከኢንተርኔት የገለበጠችው ወረቀት ደግሞ «በ1937 ተገደለ» ይላል። ጣሊያን በ1933 ወጥቶ አልነበር እንዴ? ልጅቷ ነገ ከሰዓት ትመለሳለች። የምታውቁ አንድ ነገር በሉኝ።


አሞራ ገደል — ሐሙስ፣ ማታ 2፡52

1937 በፈረንጅ ነው ወንድሜ። በኛ 1929። ተማሪው ሳያነብ ይገለብጣል፣ አንተ ሳታነብ ታትማለህ፣ አስተማሪው ሳያነብ ራይት ያደርጋል። ሁላችሁም ሥራችሁን ሠርታችኋል።


የጎጃሙ — ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ የኛም 1937 አለ። ጥር 1937 በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የሰቀለው ጣሊያን አይደለም፣ አምስቱን ዓመት ሙሉ የተዋጋለት የገዛ መንግሥቱ ነው። በፈረንጆቹ 1937 ጠላት ራስ ደስታን ገደለ፤ በኛ 1937 እኛው በላይን ገደልን። ልጅቷ ሁለቱን ከቀላቀለች ጉድ ይፈላል።


ጡረተኛው መምህር — ሐሙስ፣ ማታ 4፡05

ለልጅቷ እንዲሆን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደል ብስት እለፉኝ።

ራስ ደስታ የፊታውራሪ ዳምጠው ልጅ ናቸው። አባታቸው ወደ ሩሲያ የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ሄደው ነበር። በ1888 ዓድዋ ላይ ወደቁ። ደስታ ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ። ጣሊያን የሚለውን ስም የሰሙት አባታቸውን ከማጣታቸው ጋር ነው። አድገው ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ። በ1925 ክረምት ወደ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ጦርነቱ ሲመጣ የሲዳሞ ገዢ ነበሩ፣ መቀመጫቸው ይርጋለም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ወረራው ተጀመረ። እኛ አስተማሪዎች ሁልጊዜ የምናወራው የሰሜኑን፣ የማይጨውን ነው። በደቡብ በኩል ከሶማሊያ የተነሣው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ራስ ደስታ ጦራቸውን ይዘው ወደ ዶሎ ወረዱ። ካርታ ካላችሁ አውጡና እዩት። ጦሩ በአብዛኛው ከደጋ የወጣ ነው፣ የሚወርደው ወደ በረሃ ነው። እህል የለም። ውኃ ያለው ወንዙ ላይ ብቻ ነው፣ ወንዙን ደግሞ አውሮፕላን ይጠብቀዋል። ታኅሣሥ 20 መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት። የመርዝ ጋዝም ጣሉ። ጥር ላይ ገናሌ ዶሪያ በተደረገው ውጊያ ጦሩ ተፈታ። ግራዚያኒ በካሚዮን እየጋለበ ነገሌ ገባ።

ብዙ ሰው ታሪካቸውን እዚህ ያቆመዋል። እኔ ደግሞ ከዚህ ነው የምጀምረው። ሚያዝያ 24 ንጉሡ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ይርጋለም ግን አልተያዘችም! ሰባት ወር ያህል ቆይታ በኅዳር 1929 ነው የወደቀችው። ዋና ከተማው ወድቋል፣ ንጉሡ አውሮፓ ናቸው፣ ጥይቱ እያለቀ ነው። ራስ ደስታ፣ የባሌው ገዢ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪ ግን ይዋጋሉ። ይርጋለም ከወደቀች በኋላም ወደ ሰሜን እየተዋጉ ሄዱ። በየካቲት ጎጌቲ ላይ ተከበቡ። ገብረማርያም እዚያው ወደቁ። በየነ መርዕድ ተይዘው ተረሸኑ። ራስ ደስታ ለጥቂት ቀን አመለጡ። ከዚያ ቡታጅራ አካባቢ ተያዙና የካቲት 17 ቀን 1929 ተረሸኑ።

ቀኑን ልብ በሉ። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት የካቲት 12 ነው። አዲስ አበባ ሦስት ቀን ስትታረድ ሰነበተች። የራስ ደስታ ሞት ከዚያ በአምስተኛው ቀን ነው። የከተማው ሬሳ ሳይነሳ ነው የሞቱት ማለት ይቻላል። ለዚህ ይሆናል የካቲት 12ን ስናከብር የካቲት 17 የሚረሳን።


አሞራ ገደል — ሐሙስ፣ ማታ 4፡20

መምህር፣ እርስዎ ያስተማሯቸው ታድለው። እኛን ያስተማረን «ገጽ 47 አንብቡ» ብሎ የሚተኛ ነበር።


የዳሌ ልጅ — ዓርብ፣ ጠዋት 12፡30

ማታ አንብቤ ዝም ልል ነበር። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መምህርን አከብራለሁ፤ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። ግን እኛ ቤት ራስ ደስታ የሚባለው ስም እንደዚህ አይነገርም። አያቴ ገባር ነበሩ። ገባር ማለት ለዛሬ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አንተ፣ ሚስትህና መሬትህ ለአንድ ባለጠመንጃ ትመደባላችሁ። እህል ትሰጣለህ፣ ማር ትሰጣለህ። ቤቱን ትሠራለህ፣ አጥሩን ታጥራለህ፣ ፈረሱን ታበላለህ። ዘመቻ ሲመጣ ስንቁን ትሸከማለህ። ያ ዶሎ ድረስ የወረደ ጦር ስንቁን ማን ተሸክሞለት ይመስላችኋል?

ከራስ ደስታ በፊት የነበሩት ደጃዝማች ባልቻም እንደዚሁ ናቸው። የዓድዋው መድፈኛ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በስተእርጅናቸው ደግሞ ወጥተው ጣሊያንን ሲዋጉ ሞቱ። ጀግና ናቸው፣ ማንም አይክድም። ለአያቴ አባት ግን የመድፉ ድምፅ አልተሰማቸውም፣ የተሰማቸው የግብሩ ነው።

ጣሊያን ሲገባ ገባርን ሻርኩ አለ። ሰው ለጥቂት ጊዜ እፎይ አለ። ይህን መናገር ባንዳ ያሰኛል? ከወጣ በኋላ ባለመሬቱ ተመለሰ፤ ነገሩ የተዘጋው በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ነው። ልጅቷ ራስ ደስታን ትጻፍ። ግን ከጎን ሁለት መስመር ለገባሩ ትተው።


ጡረተኛው መምህር — ዓርብ፣ ጠዋት 2፡15

የዳሌ ልጅ፣ ልክ ነህ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳስተምር ይህን ያልጠቀስኩባቸው ብዙ ቀኖች አሉ። መጽሐፉ ላይ ስላልነበረ ነው ብል ሰበብ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጣሊያን ገባርን የሻረው ለገባሩ አዝኖ አይደለም። መሬቱን ለገዛ ሰፋሪዎቹ ይፈልገው ነበር። ሊቢያ ላይ ያደረገውን ማየት ነው።


ባለፎቶኮፒው — ዓርብ፣ ጠዋት 2፡40

የዳሌ ልጅ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ዓሣ ቤት ተቀምጠን በሹክሹክታ ነው የምናወራው።

መምህር፣ ሊቢያ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ግራዚያኒ እዚያም ነበር?


ከሰሐራ የተረፈው — ዓርብ፣ ጠዋት 4፡10

ይቺን እኔ ልመልስ። ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም፣ አነባለሁ ብቻ።

ሊቢያ ነበርኩ። እንዴት እንደሄድኩ፣ ደላላው ምን እንዳደረገን አላወራም፣ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወቅት ግንባታ ላይ ሲሚንቶ እሸከም ነበር። የመጀመሪያ ቀን የተከፈለኝ ባለ 10 ዲናር ኖት ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። ነጭ ጢም፣ ነጭ ልብስ። ፊቱ ደስ ይላል፣ የቄስ አያቴን ይመስላል። አብሮኝ የሚሠራ ሊቢያዊ ልጅ ነበር። አረብኛዬ ከቁጥርና ከስድብ አያልፍም። ሽማግሌውን በጣቴ አሳየሁት። «ዑመር አል ሙኽታር» አለኝ። ከዚያ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ጎተተ፣ ተሰቀለ ማለቱ ነው። ማን ሰቀለው በሚል ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

«ግራዚያኒ» አለ።

እኔም «ግራዚያኒ!» አልኩ። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያች ቃል በቀር የሚያግባባን ቃል አልነበረንም። ደረቴን እየመታሁ «ሐበሻ፣ ሐበሻ፣ ግራዚያኒ» አልኩት። ገባው። በዚያን ቀን ሻይ ጋበዘኝ። እዚያ አገር በነፃ ያገኘሁት ያቺን ሻይ ብቻ ነው።


ጡረተኛው መምህር — ዓርብ፣ ጠዋት 5፡00

እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ፣ እንኳን በሕይወት ተመለስክ።

ዑመር አል ሙኽታር የቁርዓን አስተማሪ ነበሩ። ጣሊያን ሊቢያን በፈረንጆቹ 1911 ከወረረ ጀምሮ ሃያ ዓመት በፈረስ እየተዋጉ አስቸገሩት። በመጨረሻ ግራዚያኒ መጣ። በምሥራቅ ሊቢያ 100,000 ገደማ ሕዝብ፣ ከብቱንም ጨምሮ፣ ነድቶ በረሃ ላይ ካምፕ ውስጥ አጎረው። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከግብፅ ስንቅ እንዳይገባ 270 ኪሎ ሜትር የሽቦ አጥር ዘረጋ። ሽማግሌው በ1931 መስከረም ተያዙ፣ በቀናት ውስጥ ተሰቀሉ። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ነው። 20,000 ያህል ሰው ቆሞ እንዲያይ ተደረገ።

ራስ ደስታን ሊገጥም ከሶማሊያ የተነሣው ያው ሰውዬ ነው። የተማረውን ሙያ ይዞ ነው የመጣብን።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። ሊቢያ ላይ ለጣሊያን ከተዋጉት መካከል ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ፣ ከኢትዮጵያ ተሻግረው የተቀጠሩም ነበሩባቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ግራዚያኒ በኦጋዴን ግንባር የሊቢያ ክፍለ ጦር ይዞ መጣ። የእኛን ሰው ወደ እነሱ፣ የእነሱን ሰው ወደ እኛ። ሁሉም ግን እሺ ብሎ አልቀረም። በደቡብ ግንባር ከግራዚያኒ ከድተው ከራስ ደስታ ጎን የተሰለፉ ኤርትራውያን ነበሩ።


ከሰሐራ የተረፈው — ዓርብ፣ ጠዋት 5፡12

ያንን ሳላውቅ ነው ሻዩን የጠጣሁት።


ሥላሴ_ልጅ — ዓርብ፣ ቀን 6፡30

ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ራስ ደስታ እዚህ እየተራቡ ሲዋጉ አማታቸው እንግሊዝ አገር መቀመጣቸውን ለምን አናነሳም? ንጉሥ ሸሽቶ ጀግና ይባላል?


የሻሸመኔ ጎረቤት — ዓርብ፣ ቀን 6፡45

ይህ ጥያቄ ያኔውኑ ተጠይቋል፣ አዲስ ነገር ያመጣህ እንዳይመስልህ። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ንጉሡ መውጣት የለባቸውም ብለው ፊት ለፊት ተከራክረዋል። ማርከስ ጋርቬይም፣ ራስታዎቹ እንደ ነቢይ የሚያዩት ጋርቬይ፣ ንጉሡን በመሸሻቸው ክፉኛ ወቅሷል። ይህን ለሻሸመኔ ጎረቤቶቼ ስነግራቸው ርዕስ ይቀይራሉ።

በሌላ በኩል ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ሊያስቆሟቸው አዳራሹ ውስጥ ያፏጩ ነበር። ያ ንግግር በጦር ሜዳ ምንም አልለወጠም። በሰው ልብ ግን ለውጧል። ለንደን ውስጥ እነ ሲ ኤል አር ጄምስ፣ የትሪኒዳዱ ጸሐፊ፣ እና በኋላ የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ለኢትዮጵያ ማኅበር አቁመው ነበር። በኋላ የጋና መሪ የሆነው ክዋሜ ንክሩማ የወረራውን ዜና ለንደን መንገድ ላይ የጋዜጣ ሰሌዳ ላይ ሲያነብ ከተማው በሙሉ በግሉ ጦር ያወጀበት መስሎት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ዶክተር መላኩ በያን አሜሪካ ሕክምና የተማረ ሰው ነው፣ ኒው ዮርክ ላይ የጥቁሮችን የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን አቋቋመ፤ ነፃነቱን ሳያይ በ1940 በፈረንጅ እዚያው ሞተ። በኋላ ንጉሡ ሻሸመኔ ላይ መሬት የሰጡት ለእነዚያ ለደገፉ ጥቁሮች ነው። ልጅቷ አምስተኛዋን መላኩ ብታደርግ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል። ማንም አያውቀውማ።


አወያይ — ዓርብ፣ ቀን 7፡20

ከዚህ በታች የነበሩ አሥራ አንድ መልሶች ጠፍተዋል። ንጉሡን መውደድም መጥላትም መብት ነው። የእናት ስድብ ግን ከዚህ ቤት ውጭ። ሥላሴ_ልጅ ለሦስት ቀን አርፏል።


የነገሌ መስመር — ዓርብ፣ ቀን 8፡05

ሹፌር ነኝ፣ ከሐዋሳ ነገሌ ቦረና ጭነት እሠራለሁ። አሁን አዶላ ቆሜ ጎማ እያስነፋሁ ነው የማነበው።

መምህር ግራዚያኒ በጥር ነገሌ ገባ አሉ። የወጡበትንስ ማን ይናገር? ከነገሌ ወደዚህ ስትመጡ ዋደራ አለች። ጫካ ነው፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጭጋግ ሲወርድ መብራት አብርተህ እንኳ አታይም። በ1933 ጣሊያን እዚያ መሽጎ ነበር። ሰብሮ ያስወጣው የጎልድ ኮስት ጦር ነው። ጎልድ ኮስት ማለት የዛሬዋ ጋና። በዚያው ግንቦት ቢላቴ ወንዝ ላይ፣ ሃላባ ቁሊቶ ጋ፣ የምሥራቅ አፍሪካው የንጉሡ አፍሪካ ጠመንጃ ጦር ተዋጋ። ንጉሡ የተባለው የእንግሊዙ ነው። ሊኪ የሚባል ነጭ ሳጅን በባዶ እግሩ ሮጦ ታንክ ላይ ወጥቷል ማለት ይቀናቸዋል፣ የባዶ እግሩን አላውቅም፣ ታንክ ላይ መውጣቱ ግን እውነት ነው፤ እዚያው ሞተ፣ የእንግሊዝን ትልቁን ሜዳሊያ ሰጡት። ከጎኑ የነበሩት ጥቁሮች ስም ግን የት አለ?

የሚገርመኝ ይሄ ነው። እነዚያ ልጆች የገዛ አገራቸው በቅኝ ግዛት ነው። እኛን ነፃ አውጥተው እነሱ ወደ ባርነታቸው ተመለሱ።


ጡረተኛው መምህር — ዓርብ፣ ቀን 8፡30

አልተመለሱም። ማለቴ፣ እንደሄዱ አልተመለሱም።

በፈረንጆቹ የካቲት 28 ቀን 1948 አክራ ላይ የቀድሞ ወታደሮች ጡረታችን ይከበር ብለው ሰልፍ ወጡ። ከበርማም ከምሥራቅ አፍሪካም ግንባር የተመለሱ ነበሩ። ፖሊስ ተኮሰባቸው፣ ሦስት ሰው ሞተ። ከተማው ነደደ። እንግሊዞቹ ንክሩማን አሰሩት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1957 ጋና ነፃ ወጣች። ዋደራ ላይ የቆመ ሰው አክራ ሰልፍ ላይ ነበር ብዬ በስም ልጠራ አልችልም። ጦሩ ግን ያው ጦር ነው።

ሹፌሩ፣ ጭጋግ ካለ ቀስ ብለህ ንዳ።


የዳሌ ልጅ — ዓርብ፣ ቀን 9፡15

ግራዚያኒስ መጨረሻው ምን ሆነ?


አሞራ ገደል — ዓርብ፣ ቀን 9፡22

ጣሊያን ውስጥ በ1950 በፈረንጅ 19 ዓመት ተፈረደበት። በኛ ወይም በሊቢያ ጉዳይ አይደለም፣ ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው። ወራት ሳይሞላው ተፈታ። በ1955 በሕመም ሞተ። በ2012 ደግሞ አፊሌ የምትባል ከተማ ሐውልት ሠራችለት። ጉድ እኮ ነው!


ባለፎቶኮፒው — ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ይህን ሁሉ ከስልኬ አነበብኩላት። ደንበኛ ሁለት ጊዜ «ቶሎ በል» ብሎኛል። የሰሐራው ልጅ ታሪክ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለች፣ ወረቀት የምጠርዝበት ወንበር ላይ።

ካሰበች በኋላ ምን አደረገች መሰላችሁ? አምስተኛውን ራስ ደስታን አደረገች። ከሥሩ የዳሌ ልጅ እንዳለው ስለ ገባር ሁለት መስመር ልትጽፍ ጀምራ ግማሽ ገጽ ሞላች። አያቷም ገባር ነበሩ ለካ፤ እዚሁ ሆና ለአባቷ ደውላ ጠየቀች። ከዚያ «ጋሼ፣ ስድስተኛ ብጨምር ይቆረጥብኛል?» አለችኝ። ባለ 10 ዲናሩን ሽማግሌ አስገባች። አስተማሪዋ «ይህ የኛ አይደለም» ሊል ይችላል። እንግዲህ ይበል።

ፎቶም ተገኘ። ራስ ደስታ ጢማቸውን አሳድገው ነው። ችግሩ ሳትመው ቶነሩ እያለቀ ነበርና ግማሽ ፊታቸው ነጣ። ነገ አዲስ ቶነር ስገዛ በነፃ እደግምላታለሁ።

መምህር፣ ቀኖቹን በሙሉ በኛ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ፣ የሊቢያንና የጋናን ብቻ በፈረንጅ ትቼ ከጎናቸው «እ.ኤ.አ.» ብያለሁ። ሰኞ ከማስረከቧ በፊት አንዴ ቢያዩልኝ?

የዳሌ ልጅ፣ እሑድ ይርጋለም ልሄድ አስቤያለሁ። ራስ ደስታ የነበሩበትን ሰፈር የሚያሳየኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ አባትህ ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ ስለ አያትህ ቢያጫውቱኝ።


የዳሌ ልጅ — ዓርብ፣ ማታ 2፡05

አባዬ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ጮክ ብለህ ነው የምታወራው። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ። ቁርስ ሳትበላ ና፣ እናቴ ቡርሳሜ ትሠራለች።


ከሰሐራ የተረፈው — ዓርብ፣ ማታ 2፡11

ለአንድ ሰው ቦታ አለ?